ዓይናዲስ ለቅሶ የደረሰች ዕለት

ዓይናዲስ ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አስሙ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ስላለ ጠባዩን ታውቀዋለች፤ የምትፈራው ጉንፋንን ነው። አምና አንድ ተራ ጉንፋን ደረቷ ላይ ወርዶ ሆስፒታል አስተኝቷታል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ባሳለ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ መስኮት ትከፍታለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ቁጭ ብላ ስፌቷን ሳትጀምር ደግሞ ትነሣለች። የሚሳበውን መድኃኒቷንም፣ ደህና ነኝ ባለች ጊዜ እንኳ፣ ጠዋትና ማታ አታስታጉልም።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ያሳደጓት አጎቷ አድማሴ ድብ ባሕር በምትባል የገጠር ከተማ ዐረፉ። መርዶውን ሰምታ ጥቂት እንዳለቀሰች ለቅሶ ቤቱ ታያት፦ የታፈገ ድንኳን፣ ሳል፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም። በዚህ ሰዓት ይህን በማሰቧ በራሷ አፈረች። ቢሆንም ማስኳን አደረገች፣ መድኃኒቷን በቦርሳዋ ያዘች፣ ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ እሷ መስኮት ስትከፍት፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ሲዘጋ መንገዱ አለቀ።

ድንኳኑ ስትደርስ አልገባችም። ደጅ ቆማ፣ ሊስሟት ለሚመጡ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ እያለች አለቀሰች። የሟቹ የበኩር ልጅ ዋኘው አያትና ወጣ።

«ምነው ዓይናዲስ፣ ተጸየፍሽን?»

«አልተጸየፍኩም አያ ዋኘው። ግማሹን ሰው ጉንፋን ይዞታል። እኔን ከያዘኝ ትንፋሼ ይቆረጣል። አምና ሆስፒታል አባትህ ናቸው ቀና አድርገው ደግፈው የያዙኝ።»

«ለእኔ ታመመች ብቻ ነው ያሉኝ» አለ ዋኘው። ከድንኳኑ አግዳሚ ወንበር አውጥቶ ነፋሻው ቦታ ላይ አኖረላት። «በይ፣ እዚህ ሸጋ ነው።»

መቀመጥ ግን አልሆነላትም። የአጎቷ ሚስት ሰብለ ወንጌል እያሳሉ ወጡና ሊያቅፏት እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናዲስ ራመድ ብላ ቀረበች፤ ከዚያ ቆመች። ሰብለ ወንጌል ማስኩን አዩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እዚያው ሁኚ ልጄ፤ እሳቸውም ይህንኑ ነበር የሚሉሽ» አሉ። ተራርቀው ተላቀሱ።

ጎንደር ተመልሳ ጉሮሮዋን ስታዳምጥ ሰነበተች። ጉንፋኑ አልመጣም። እንቅልፍ የነሣት ሰብለ ወንጌልን አለማቀፏ ነበር። ለአርባው ስትሄድ ብርዱ ጋብ ብሎ፣ ሰብለ ወንጌልም ድነው አገኘቻቸው። በር ላይ ማስኳን አወለቀችና አቀፈቻቸው፤ ቶሎም አልለቀቀቻቸውም።