በቁሙ የተለቀሰለት

ቀሐ ወንዝ ዳር የሰው ልብስ በማጠብ የምትተዳደረው ሽታዬ ለቅሶ አያመልጣትም። ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሽማግሌ ደግፋ ታስቀምጣለች። ሙሾ አውርጂ ያሏት እንደሆነ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትወጣለች። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ኩራት ይመስለዋል። እኔ አብሬአት ያደግሁ ጎረቤቷ ነኝና ኩራት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። የነሽታዬ ቤት ጣሊያን ጥሎት የሄደ የማኪና ማደሪያ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ በጆንያ የተጋረደ አንድ ጥግ ብቻ። አባቷ ማሩ ለግንበኛው ለአያ ክንዱ ድንጋይ ይሸከማል። እናቷ እናኑ ልብስ ታጥባለች። ድህነት እንደኛ ሰፈር የተመቸው ቦታ ያለ አይመስለኝም። ክረምቱ የግንብ ሥራ አስቁሞ ቤቱን ጦም ሲያሳድር፣ ማሩ ለሰሊጥ አረም ወደ ሳንጃ ቆላ ወረደ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ማለዳ መርዶ መጣ። ከቆላ የተመለሱ ሰዎች የማሩን ጋቢ ይዘው ነበር። ጋቢውን የለበሰው ሰው በወባ ሞቶ፣ ፊቱ አባብጦ አግኝተውት፣ እዚያው ቀብረውታል። ጋቢውን የፈተለችው እናኑ ራሷ ስለሆነች ማንም አልተጠራጠረም። እንደ አገሩ ወግ ልብሱ መካከል ላይ ተዘርግቶ ለቀስተኛው ከበበው። የእናኑ ድምፅ ግን ተዘጋ። ለድሃ ቤት ደግሞ ስም ያላት አልቃሽ አትመጣም። ዝምታው ሰውን ማስፈራት ሲጀምር፣ ገና ጡት ያላጎጠጎጠችው ሽታዬ ተነሥታ ጋቢው አጠገብ ቆመች።

«ለሰው ግንብ ሲሠራ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣
የራሱን ሳይሠራ፣ ቆላ ቀረ ታሞ።»

ይህን ከየት አመጣችው ተባለ። ሰው ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። በልበ ደረቅነቱ የሚታወቀው አያ ክንዱ እንኳ ጢሙ እስኪርስ አነባ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ሽታዬን ይጠሯት ጀመር፤ እናትና ልጅም በለቅሶ ቤት ንፍሮ ከረሙ።

ከገና በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማሩ መጣ።

ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲያልፍ ከሰፈሩ ውሻ አንድም አልጮኸም። እናኑ ስታየው አማተበች።

«ምነው መጣህ?» አለችው።

ጋቢውን ወባ ለሚያንቀጠቅጠው ባልንጀራው አልብሶት እንደነበር፣ እሱም በሌላ መንደር ታሞ እንደከረመ ነገራት። ሰማችው። እራቱን ግን ለብቻው፣ ስሙን ሳትጠራ አቀረበችለት።

የቀሐ ሰው ለሞተ ሲያለቅስ አይታማም፤ ለቆመው ሲሆን ነው ወገቤን የሚለው። ማሩን መንገድ ላይ ሲያዩት ሰላምታውን ሳይመልሱ ጥግ ይይዛሉ። እኔ ራሴ ጥላ እንዳለው ለማየት እግሩ ሥር እመለከት ነበር። ጥላ ነበረው፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ አያ ክንዱ ከግንቡ ላይ ሳይወርድ መለሰለት።

«ማሩ፣ ጠልቼህ አይደለም። አልቅሼልሃለሁ እኮ! ያለቀስኩለትን ሰው ድንጋይ አሸክሜ እንዴት እህል ይወርድልኛል?»

ሽታዬ «አባቴን የቀበረው የኔ ሙሾ ነው» ብላ አመነች። ከዚያ በኋላ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፤ አባቷን ከሰው መልሳ መቀላቀል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደኢየሱስ እግር ላይ ወድቃ፣ «አባቴን ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ፍትሐቱን አድርሻለሁ። ለተመለሰ ሰው የሚደገም ግን መጽሐፍ አላየሁም» አሉ አዝነው።

ያም ሆኖ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሩ ሕያው መሆኑን ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ማሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲወጣ ግን፣ ለአስከሬን እንደሚደረገው፣ ግራና ቀኝ ተከፍለው መንገድ ለቀቁለት።

እሱም ቀስ በቀስ እንደ ሙት መቆጠሩን ለመደው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እሳት ልጭር ብዬ ከቤታቸው ገብቼ ሳለ፣ «ሽታዬ፣ ያኔ ያልሽልኝን እስኪ በይልኝ» አላት።

እምቢ አለች። ኋላ ግን ራሱ ከሰማው ሙሾው ይሻር ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። ቆማ አወረደችው። ማሩ አንገቱን ደፍቶ፣ ደረቱን በቀስታ እየመታ፣ እንደማንኛውም ለቀስተኛ አለቀሰ። ስትጨርስ እንባውን ጠረገ።

«ነፍሱን ይማረው» አለ። «ሸጋ ሰው ነበር።»

እናኑ ከጥግ ሆና፣ «አሜን» አለች።

እሳቱን ሳልጭር ወጣሁ።

በማግሥቱ ማሩ የሳንጃን መንገድ ይዞ ወረደ። ማንም አልከለከለውም። ሽታዬ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ከኋላው ሮጠች፤ ዞር ብሎ አላያትም። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ምነው ታለቅሳለች? ለአባቷ አንዴ ተለቅሶለት የለም?» ተባባሉ።