መጀመሪያ ያልኩት «ኦፍሳይድ» ነው

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ልመሰክር ፈልጌ ነው የቆምኩት፤ ግን እንደተመከርኩት አልመሰክርም። አሁንም አንዳንዴ ምላሴ ይይዘኛልና ታገሱኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጅማ፣ ሰኮሩ፣ ደዶ፣ ሃያ ዓመት በዳኝነት ኳስ አጫውቻለሁ። ተሰድቤአለሁ፣ በድንጋይ ተባርሬአለሁ፤ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ግን ፊሽካ ነፍቼ አላውቅም። ጌታንም ስላላየሁት አላምንም ነበር። ባለቤቴ አስቴር ስትጸልይ «ጣሪያውን ነው የምታናግሪው» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ስትሮክ መታኝ። እግሬ ተመለሰ፣ ምላሴ ቀረ። ሐኪሙ አስቴርን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ይናገራል ብለሽ ባትጠብቂ ይሻላል አላት። እሷ ግን ወይ ፍንክች! ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቃል ብቻ» ትል ነበር። እኔ በዓይኔ እቆጣታለሁ።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ህንዶች ተከራይተዋል፤ ራቪና ሚስቱ ላታ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ያውላችሁ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሲመጡ ክሪኬት እንጂ ኳስ አያውቁም ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት ሰፈሩ ሲጮህ ሰምተው ጀመሩ፤ ማልያ ገዙ፣ ከእኛ ቴሌቪዥን ፊት የማይጠፉ ሆኑ። የተማሩት ግን ደንቡን ሳይሆን ጩኸቱን ነው። እኔ እንዳላስረዳቸው አፌ ተዘግቷል።

አንድ እሁድ ከሰዓት እኛ ጎል አገባን። ዳኛው ሻረው። ራቪ ብድግ ብሎ ከሰፈር ልጆች የተማራትን «ዳኛው ሌባ ነው!» አለ። በገዛ ቤቴ! አቤት የተናደድኩት!

«ኦፍሳይድ ነው!» አልኩ።

ወገኖቼ፣ በገዛ አፌ አልኩ! አስቴር ከጓዳ ሮጣ መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች፤ በኦሮምኛ «ያ ጎፍታ፣ ገለቶሚ» እያለች ጌታን በእንባ ታመሰግናለች። ራቪ ምኑም አልገባውም፤ እንዴት ኦፍሳይድ ይሆናል ብሎ ይሟገተኛል። አራት ስኒ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። ስጨርስ አስቴርን አየኋት። ሃያ ዓመት ያለ ማስረጃ የፈረድኩባት ሴት ናት። «ፍርዴ ተሽሯል» አልኳት፤ እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ሽማግሌያችን፣ አክብሬ ነው የምናገረው፣ «መጀመሪያ ያልኩት ‹ኢየሱስ› ነው በል፤ ኳስ የዓለም ነው፣ ወጣቶቹን ያሰናክላል» አሉኝ። አልልም! ስሙን የጠራሁት ቆይቼ ነው፤ ስጠራውም ከልቤ ነው። ለጌታ ክብር ብዬ ጌታ ፊት ልዋሽ?

ሐኪም ተስፋ የቆረጠባችሁ ካላችሁ፣ እንደ አስቴር አንድ ነገር ይዛችሁ ለምኑት፤ ታመኑት። ራቪ እስከ ዛሬ ጎል ነበር ይላል፤ ይበል። አስቴር አንድ ቃል ለመነች፣ ጌታ አንድ ቃል ሰጠ። ቃሉን የመረጠው እሱ ነው፤ እኔ ማን ነኝና አርመዋለሁ? አሜን በሉ።