መሪጌታና የሊማሊሞ ፍሬን

ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ መሪጌታ ኮምፒውተሬን አረሙልኝ ስል የሚያምነኝ የለም።

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። የድርጅታችን መኪኖች የፍሬናቸውን ሙቀት በየደቂቃው ይልካሉ። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ከሚላከው ጽሑፍ ውስጥ የቀድሞውንና የአሁኑን ሙቀት ለቅሞ ያወጣል። ከዚያ ጭማሪውን ያሰላል፤ ከጭማሪው ደግሞ ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል በቀይ የሚበራውን ማስጠንቀቂያ እንዲያሰላ አዝዤዋለሁ። ጭማሪው ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያው ሳጥን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የምትነጫነጪው ልጄ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ። ሾፌሩ ደባርቅ ላይ ያሳፈራቸው፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ናቸው። በንዴት ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«ሁለቱ ስሌቶች እኩል ነው የሚጀምሩት?»

«አዎ፣ ባንዴ ነው።»

«ታዲያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መልስ ከየት ያመጣል? እኔ አንዱ ተማሪ አበቅቴን፣ ሌላው መጥቅዕን እኩል ሲያሰሉ፣ ሁለቱንም ወንበር ከምንለው መነሻ ቁጥር ነው የማስጀምራቸው። የጓደኛውን መልስ የጠበቀማ ባዶ እጁን ይቀራል።»

አፈርኩ። ማስጠንቀቂያው ጭማሪውን ሳይጠብቅ በቀጥታ ከሁለቱ ሙቀቶች እንዲሰላ አድርጌ ጻፍኩት። ሳጥኑ ወዲያው ቀላ።

«ሠራ! መሪጌታ፣ ሠራልዎት!»

«የትኛው መኪና ነው?» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ታርጋውን አነበብኩለት።

«እኛ ነና!» ብሎ ጮኸና ለጥ ያለ ቦታ እንዳገኘ ዳር ይዞ አቆመ።

ዘለን ወረድን።

«ልክ ነዋ ስሌቱ!» አሉ መሪጌታ፣ ከጎማው የሚወጣውን ጭስ በደስታ እያዩ።