ቡና አልጋ ላይ የተሰጣ ክሪስታል

ታላቅ ወንድሜ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሲያጠና ነጭ ዱቄት ይሠራ ነበር። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ አላለፍኩም፤ እሱ እንዳስረዳኝ ነው የምጽፈው። እያንዳንዷ ቅንጣት ክሪስታል ናት። ውስጧ በዓይን የማይታዩ ባዶ ክፍሎች አሉ። ከጭስ ውስጥ የሚበክለውን ጋዝ፣ ከአየር ደግሞ እርጥበትን ይይዛሉ።

«ችግሩ፣ ስሠራው የተጠቀምኩበት ፈሳሽ ክፍሎቹን ይዞ አልወጣም ይላል» አለኝ። «በሙቀት ነው የማስወጣው። ተከራይ አስወጪ ሆኛለሁ።»

የመጨረሻውን ሳያደርቀው ታመመ። ዱቄቱን በብልቃጥ፣ ብልቃጡን በቦርሳው ይዞ ወደ መንደራችን ኢዲዶ፣ ቤታችን መጣ። ተኝቶም «ገና አልደረቀም» ይል ነበር። ከዚያ… ሞተ። ይህን ቃል መጻፍ አሁንም ይከብደኛል።

ለቅሶው እንዳበቃ አብራው ትሠራ የነበረች ልጅ ደወለች። ሌላ ዱቄት አልቀረም፤ ይህ የሚሠራ ከሆነ ጥናቱን በስሙ ትጨርስለታለች። ብልቃጡን ፈልጌ አገኘሁት። ባዶ ነው።

አባቴ ጓሮ ነበር። ዱቄቱን ሻሽ ላይ አስጥቶ፣ ሻሹን በቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ከቀዩ ቡና አጠገብ ዘርግቶታል። በጣቱ ያገላብጣል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«አልደረቀም ሲል አልሰማህም? ተዘግቶ ከቆየ ይሻግታል። እኩለ ቀን ላይ ሸፍኜዋለሁ፣ ማታም አስገባዋለሁ። ቡና ማድረቅ እኔን ልታስተምር ነው?»

ባዶውን ብልቃጥ ይዤ አጠገቡ ተንበረከኩ።

ዱቄቱን ሰብስቤ ዲላ፣ ለደወለችው ልጅ ወሰድኩት። «እትዬ፣ ይቅርታ» ብዬ የሆነውን ነገርኳት።

«በአንዴ አሮጊት አደረግከኝ» አለች። አሸተተችው። «አሁን ደግሞ ቡና ተከራይቶታል።» ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

«ተበላሽቷል?»

«እንጃ። ክፍሎቹ ካልፈረሱ ይድናል።»

ኦቭን ውስጥ ከተተችው። ላብራቶሪው ከነገለባው የደረቀ ቡና መሽተት ጀመረ። አንድ መምህር አንገቱን አስግጎ «የቡና መጋዘን ከፈታችሁ እንዴ?» አለና ሄደ።

ሲቀዘቅዝ በብልቃጡ ከነክዳኑ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ክፍሎቹ ካሉ እርጥበት ስቦ ይከብዳል፣ ከፈረሱ ግን ባለበት ይቆማል አለችኝ። ክዳኑን አነሳች።

«ጠጋ በልና ተንፍስበት። ቀስ ብለህ፣ እንዳታበነው።»

ተነፈስኩ። የሚዛኑ የመጨረሻዋ ቁጥር ተንቀሳቀሰች። ወደ ላይ። ደግሜ ተነፈስኩ፤ አሁንም ወደ ላይ።

«በቃ፣ ይሠራል» አለች። «ተወው፣ ለኔም ትንፋሽ ባዶ ክፍል አስቀርልኝ።»

ሰምቻታለሁ። ግን መተንፈሴን አላቆምኩም።