የነፋስ ዓይንና ባልንጀራ

መርሳ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ሌሎች ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ እኔ የምሰማው የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ ነበር። ነጋሪው ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። በእሸት ወራት መብራት ሲጠፋ ደጃቸው ላይ ፍም አድርገው የማሽላ እሸት ይጠብሱልናል፤ እሱ እስኪደርስ የቃላቱን የዘር ሐረግ ይቆጥሩልናል። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው እንኳ አልነሳም፤ ቃልም እንደ ሰው አገርና ዘመድ ያለው መሆኑ ይደንቀኝ ነበር።

ያኔ እናቴ ዐረብ አገር ሄዳ ስለነበር የምኖረው ከአክስቴ ከዘነቡ ጋር ነው። አክስቴ ደግ ነበረች፤ እኔ ግን አብሬሽ አልበላም ብዬ አስቸገርኳት። ከእሷ ጋር ከበላሁ እናቴ ተመልሳ የማትመጣ ይመስለኝ ነበር። ሳህኔን ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጥና ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ አያለሁ።

አንድ ምሽት ጋሽ ይመር «ዊንዶው» እና «ኮምፓኒየን» የሚሉትን አነሱ። የመጀመሪያው፣ መስኮት ማለት የሆነው፣ ከሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች የመጣ ነው፤ ጥንት «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። ሁለተኛው፣ ጓደኛ ማለት የሆነው፣ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ የገባ ነው፤ «ዳቦ አብሮ የሚበላ» ማለት ነው አሉን።

«ታዲያ ጋሼ፣ ሁለቱን ምን ያዛምዳቸዋል?» አልኳቸው።

«ምንም! ባዳ ናቸው» ብለው ሣቁ። «የሁለተኛው ዝምድናስ ከእኛው ቃል ጋር ነው። ባልንጀራ የሚለውን ሊቃውንቱ ባለ እንጀራ ነው ይሉታል። ሳንተዋወቅ፣ ባሕር ማዶና እዚህ ሆነን፣ አንድ ነገር አሰብን ማለት አይደል?»

እቤት ገብቼ እንደልማዴ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ። የነፋስ ዓይን ያመጣልኝ ነፋስ ብቻ ነበር። ዘወር ስል አክስቴ በኩራዙ ብርሃን ትሪው ፊት ተቀምጣለች፤ አንድም ጉርሻ አልቆረሰችም። ለካ አንድ ቀንም ቀድማኝ በልታ አታውቅም። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አጎረሰችኝ፤ ሁለተኛውን ልመልስ ስል ግን «አንድማ ያጣላል፣ ሆዴ» አለችኝ።

ዛሬ ወልድያ እኖራለሁ፤ መዝገበ ቃላት ባገላበጥኩ ቁጥር ጋሽ ይመር ያሉትን አገኛለሁ፤ ሁለቱ ቃላት እውነትም ባዳ ናቸው። በእኔ ልብ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ መጣች። እኔ አድጌአለሁ፣ እሷም ተለውጣለች፤ ስንተቃቀፍ ሁለታችንም ተፋፈርን። ማታ እዚያው አክስቴ ቤት ገበታ ሲቀርብ እንደ እንግዳ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ትሪውን ወደ እሷ ገፋሁና አጎረስኳት። በቃኝ ብላ እጄን ስትይዘኝ፣ «አንድማ ያጣላል፣ እማ» አልኳት።