ፊልትሮውን ፍቱት

የያዙኝ አምቦ ውስጥ፣ ከማስተምርበት የማሰልጠኛ ግቢ ስወጣ ነው። ሁለት የጸጥታ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቦርሳዬን ሲፈትሽ የሃይድሮሊክ መስመር የሳልኩበትን ወረቀት አገኘና «ይሄ የምን ካርታ ነው?» አለኝ። ካርታ ሳይሆን ዘይት ከታንከር ተነስቶ በፓምፕ ተገፍቶ ማሽን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ መሆኑን ባስረዳው ይበልጥ ተጠራጠረ። እኔ ደግሞ አንዴ ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። መኪናው ውስጥም ስለ ግፊት ሳወራ ጓደኛው ሳቁን አፈነ።

የእስር ክፍሏ አሥራ አንድ ሰው ታጭቆባታል። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፣ የግድግዳዋ ኖራ ይፈረፈራል፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። «አካም ኦልተ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ ቦታ የለቀቁልኝ ከሸነን የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ሁሉም «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ ይላቸዋል። ከአጠገባቸው ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠው ጎልማሳ የአንድ የወለል ንጣፍ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። በተቃውሞ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን የፋብሪካው ትልቅ ፕሬስ፣ ንጣፉን የሚጨምቀው ማሽን፣ ቆመ። ሁለት ጊዜ ፓምፕ ቢቀይርለትም አልነሳ አለ። «አውቀህ ነው ያቆምከው፣ አሻጥር ነው» ተብሎ ታሰረ። እኔ በገባሁ ማግስት ጠዋት ለመርማሪው ቃሉን ይሰጣል፤ ምክንያቱን ካላስረዳ በአሻጥር ሊከሰስ ነው። ምክንያቱን ግን ራሱም አያውቀውም።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይሄንን ያስተምራሉ አሉ። ነገ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በገባሁበት ቀን ተማሪ አገኘሁ።

ከወደቀው ኖራ ቁራጭ አንስቼ ታንከሩን፣ ዘይቱ ወደ ፓምፑ ሲሄድ የሚጠለልበትን ፊልትሮ፣ ፓምፑን፣ ሲሊንደሩን ወለሉ ላይ ሳልኩለት። የጥገና ሠራተኞቻችን አንድ አመል አላቸው፤ ማሽኑ ደከመ ሲባሉ መፍቻ ይዘው ወደ ፓምፑ ይሮጣሉ። ዓመቱን ሙሉ የምጨቃጨቀው ከዚህ አመል ጋር ነው። መጀመሪያ ይታያል፣ ይደመጣል፣ ይዳሰሳል፤ መፍታት የመጨረሻው ነው።

«ከመቆሙ በፊት እንዴት ይጮህ ነበር?»

«መጮህስ ይጮህ ነበር።»

«እኮ እንዴት? በአፍህ አሰማኝ።»

አፈረ። ኦቦ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉት ዓይኑን ጨፈነና ጠጠር የሚያኝክ የሚመስል ድምፅ ከጉሮሮው አወጣ። ክፍሏ በሳቅ ፈነዳች። ጠባቂው በሩን ደብድቦ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል ኦቦ «ፕሬስ ነው» አሉት።

እኔ አልሳቅኩም። ያ ዘይት ያጣ ፓምፕ ድምፅ ነው። ፓምፑ ጤነኛ ነበር፣ ዘይቱ ነው የማይደርሰው።

«ኢላ! ለካ ማሽንም ይጠማል» አሉ ኦቦ ተገርመው።

ጣቴን ፊልትሮው ላይ አሳረፍኩ። «ይሄንንስ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ታንከሩን ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አጥቤ ወልውዬዋለሁ።»

«በምን ወለወልከው?»

«በአሮጌ ሹራቤ። ዘይት ልቅም አድርጎ ነው የሚመጥጠው» አለ ኮራ ብሎ። ከዚያ ስዕሉን ሲያይ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። «ክሩ» አለ። «ክሩ ረግፎ ፊልትሮውን ደፍኖታል።»

አንዱ እስረኛ «ዝም በል፣ አላውቅም በላቸው» ብሎ መከረው። እኔም ፈርቼለት ነበርና አልደበቅኩትም። «ሹራብ ያልካቸው እንደሆነ አውቀህ የከተትከው ነው ሊሉህ ይችላሉ። ዝም ካልክ ደግሞ ፊልትሮውን ማንም አይፈታውም።»

ጎልማሳው «ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ እላለሁ፣ ያልሠራሁትን ግን አልቀበልም» አለና ለሌሎቹ ቦታ ለመልቀቅ ስዕሉን በእጁ አበሰው።

በማግስቱ ወስደውት እስከ እኩለ ቀን አልተመለሰም። ሲመለስ ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ዓይኑ ረግቷል። መርማሪው «በማሽኑ ላይ ጉዳት ማድረሱን አምኗል» ብሎ ጽፎ እንዲፈርም ሰጥቶት ነበር። እሱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። «ባለማወቅ መሆኑ ካልተጻፈ አልፈርምም። ፊልትሮውን ፍቱትና እዩት» አለ። ተጮኸበት፣ ግድግዳ ሥር አቆሙት። በመጨረሻ ወረቀቱ እሱ እንዳለው እንደገና ተጻፈና ፈረመ።

ከአራት ቀን በኋላ ፊልትሮው መፈታቱን ሰማን። ግራጫ ክር ወንፊቱን ዙሪያውን በስሱ ለብዶታል፤ ሆን ተብሎ የተጠቀጠቀ ነገር አልነበረም። እሱን ለቀቁት። ሲወጣ ኦቦን ጉልበታቸውን ስሞ እኔን አጥብቆ አቀፈኝ። እኔ ከወራት በኋላ ወጣሁ፤ ለምን እንደገባሁም ለምን እንደወጣሁም የነገረኝ የለም።

አሁንም አስተምራለሁ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ያ ሰው ዛሬ ጉደር ውስጥ የጥገና ኃላፊ ነው። አዲስ ሠልጣኞች በገቡ ቁጥር ለግማሽ ቀን እጋብዘዋለሁ። ቱታውን እንደለበሰ ይመጣና ፊታቸው ቆሞ «አንድ ትልቅ ፕሬስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ይስቃሉ። ታሪኩን ሲጨርስ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያወጣና «እኔም አንድ ጊዜ…» ይላል።