የመጋዘኑ ቄጤማ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ለገበሬው የሚታደለው የተባይ መርዝ የሚቀመጥበት መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ በታች አንድ ሽማግሌ ዘበኛና መርዙን የለመዱ አይጦች ብቻ ነበሩ። ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ሁለቱ መስኮቶቹ አየር እንዲያስገቡ በወንፊት ሽቦ ብቻ የተጋረዱ ናቸው። በርሜሎቹ መሬት እንዳይነኩ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራሉ። ዱቄቱ ከፈሳሹ፣ ሁለቱም ከምርጥ ዘሩ ተለይተው ይቀመጣሉ። በሩ ሥር የፈሰሰውን መጥጦ የሚይዝ አሸዋና ሰጋቱራ አይጠፋም። ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። ከዚህ ሁሉ ግን እኔ የምተማመነው በአፍንጫዬ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ቆም ብዬ አሸታለሁ፤ ሽታው እንደ ትናንቱ ከሆነ እገባለሁ፣ ከጠነከረ የሚያንጠባጥብ በርሜል አለ ማለት ነው።

ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ልጃችንን የወለድኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ወተቴ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ነጠፈ። ሰው የመርዙ ሽታ ነው አለ፤ እኔ ሐሳብ ነው አልኩ። አማቴ ግን ምክንያት በመፈለግ ጊዜ አላጠፉም፤ ከጋሳይ ወዲያ ካለው አገራቸው አንዲት ዳልቻ ላም እየነዱ በእግራቸው መጡ። ሰላም ያሉኝ እንኳ ላሟን ካሰሩ በኋላ ነው። ልጄ ያደገው በዚያች ላም ነው ማለት ይቻላል። አማቴ ያልባሉ፣ ያፈላሉ፣ አቀዝቅዘው በማንኪያ ያጠጡታል። ከላሟና ከእኔ ማንን አብልጠው እንደሚወዱ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

ማታ ስመለስ የማይታለፍ ሥርዓት ነበረን። ቱታዬን መጋዘኑ ደጅ ካለው ምስማር ላይ ሰቅዬ ነው የምመጣው፤ ቢሆንም ሳልታጠብ ልጄን አልነካም። አማቴ ልጁን አዝለው፣ ማንቆርቆሪያና ሳሙና ይዘው የአጥሩ በር ላይ ይጠብቁኛል። ልጁ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፤ እሳቸው ቆይ አባቴ እያሉ ውሃውን ያፈሱልኛል፤ እኔ እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። የመርዙን ነገር ደጋግሜ አስረድቻቸዋለሁ። የገባቸው ግን በራሳቸው መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ክፉው ነገር ሽታው ነበር። ክፉ ሽታ ምች ያመጣል፣ ምችን ደግሞ መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ይመልሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የነጠላዬ ጫፍ ላይ ጤና አዳም ይቋጥሩልኛል። ጤና አዳም መርዝ እንደማይመልስ ነግሬ ነግሬ ሲሰለቸኝ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ የነጠላዬን ጫፍ የሚቋጥርልኝ ሰው አልነበረም።

የዚያ ዓመት የቀዳም ሥዑር ዕለት ልጁን ለጎረቤታችን ትተው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ መጋዘኑ መጡ። በራሳቸው ላይ ቄጤማ አስረዋል፤ በክንዳቸው ካህናቱ የባረኩትን አንድ እቅፍ ቄጤማና አሪቲ ይዘዋል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሽታ ውስጥ ተቀምጠሽ ፋሲካ እንኳ አይግባልሽ ወይ አሉኝ። መጋዘኑ ውስጥ እንደማይሆን ነገርኳቸው። ከመጋዘኑ ፊት ግን ገበሬዎች ተራ የሚጠብቁባት፣ የእኔም ጠረጴዛ ያለባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በመካከል ያለው በር ሁልጊዜ ይቆለፋል። እሷን ይጎዝጉዙ አልኳቸው። ለበዓል ቢሮ መጎዝጎዝ የተለመደ ስለነበር ማንም ነውር አላለውም።

አጎንብሰው በእጃቸው በተኑት። አሪቲው ሲረገጥ ሸተተ፤ ያች ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚኖርባት ቤት መሰለች። አማቴ ደፉ ላይ ቆመው አሸተቱና ረክተው ሄዱ። እኔም እኩለ ቀን ላይ ቆልፌ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ። ተናገሩ፣ አጨበጨብን፣ ደግመው ተናገሩ፣ ደግመን አጨበጨብን። ወደ መጋዘኑ ስደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ዘበኛው በኩራት ተቀበለኝ። ለካ አማቴ ጠዋት መጥተው ሥራ እንዳይበዛብኝ ጉዝጓዙን ሰብስበው፣ ክፍሏን ጠርገው ሄደዋል። የውጭው በር ቁልፍ እሱም ጋ ስለነበር ከፍቶላቸዋል። ቄጤማውን ለላሟ ወሰዱት አለኝ። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የተባረከ ቄጤማ ጉድፍ ላይ አይጣልም፣ በዚያ ላይ የሚያዝያ ፀሐይ ሣሩን ጨርሶት ድርቆሽ ብርቅ ሆኖ ነበር።

ገብቼ እንደ ልማዴ ቆም አልኩ። ክፍሏ አሁንም አሪቲ አሪቲ ትላለች። ከአሪቲው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። ወለሉን ሳይ፣ ከመካከለኛው በር ሥር ዘይት የመሰለ እርጥበት ወጥቶ እስከ ጠረጴዛዬ እግር ደርሷል፤ መጥረጊያው ያለፈበት ሳይቀር ይለያል። በሩን ስከፍተው ከታችኛው ረድፍ አንድ አሮጌ በርሜል ስፌቱ ላይ ተከፍቶ ያንጠባጥባል። የፈሰሰውን ቄጤማው ሲመጠው ሰንብቷል፤ ሽታውን ደግሞ አሪቲው ሸፍኖታል።

ዘበኛው አሸዋውን በአካፋ በሩ ሥር እንዲከምር፣ በእጁ ምንም እንዳይነካ፣ ሰው እንዳያስገባ ነግሬው ሮጥኩ። ስለ ላሟ እያሰብኩ ነው የሮጥኩት ብል ዋሸሁ። ላሟ ከበላች ወተቱ አለ፤ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ልጄ ብቻ ነው። የአማቴ እጅ አለ፣ ነጠላቸውም አለ። ልጁ የዚያን ሰሞን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስድ ነበር። ደብረ ታቦር ዳገቷ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ቁልቁለቱም ዳገት ሆነብኝ።

ግቢያችን ስደርስ ጎረቤታችን፣ የሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት፣ ልጁን አቅፋ ቆማለች። አማቴ ነዶውን የተሸከሙበት ትከሻ ላይ ነጠላቸው ረጥቧል። ልጁን ሊቀበሏት ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ልጁም ወደ እሳቸው ዘርግቷል።

«ልጁን አይንኩት» ብዬ ጮኽኩ።

ምራት በአማቷ ላይ ድምፅዋን አታነሣም፤ ያውም በጎረቤት ፊት፣ ያውም በልጅ ልጃቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ምን እንዳጠፉ አላወቁም፤ እንደ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ከገላቸው አርቀው ያዙና «በይ አስታጥቢኝ» አሉ።

ነጠላና ቀሚሳቸውን አውልቄ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኳቸው። ሳሻቸው እጃቸውን ደጋግመው ያሸቱት ነበር። የወተቱን ነገር ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ቀድመው፣ ልጁ የጠጣው ላሟ ቄጤማውን ሳትቀምስ በፊት የታለበውን መሆኑን ነገሩኝ። ላሟ አሽትታ እንቢ ብላ ነበር አሉ።

«እኔው ነኝ ያጎረስኳት» አሉ። «በረከት ነው ብዬ፣ በእጄ።»

ላሟ ለሃጯ እየተዝረበረበ አራት እግሯ ይብረከረክ ነበር። የከብት ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ወጋት። አማቴ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ሊጠጓት ፈርተው፣ ከሩቅ ያናግሯት ነበር። ወደ ማታ ለሃጯ ቆመ፣ በማግስቱ ውሃ ጠጣች። ሐኪሙ ወተቷን ለአንድ ወር እንድንደፋ አዘዘ። አማቴ አንድ ወር ስላልታመናቸው እስከ ጰራቅሊጦስ ይሁን አሉ። ሁዳዴን ሙሉ ወተት ሳይቀምሱ የሰነበቱ ሴት፣ ጠዋትና ማታ አልበው ጓሮ ባስቆፈርነው ጉድጓድ ያፈሱት ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፣ የእኔዪቱ ግን ደጄ ቆማ ነው ይሉ ነበር። የልጁን ወተት ከዚያ ወዲህ ያቺው ጎረቤታችን ከራሷ ላም ትልክልን ነበር።

የመጋዘኑ ነገር ቀላል ነበር። የበርሜሉን ትራፊ ወደ ደህና በርሜል ገለበጥን። አሸዋውን፣ ሰጋቱራውንና የተረፈውን ቄጤማ ከውሃ ርቀን በጥልቅ ቀበርነው፤ የተባረከ ነገር ከመርዝ ጋር መቀበሩ አማቴን ከበዳቸውና አማተቡ። በመካከለኛው በር ሥር ምንም ቢፈስ እንዳይሻገር ከፍ ያለ የሲሚንቶ ደፍ አስደረግሁ።

የአማቴ ነገር ነበር የከበደኝ። ልጁን መንካት ተዉ። ሲያለቅስ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በዓይናቸው ብቻ ያባብሉታል። እሱ እየዳኸ ወደ እሳቸው ሲመጣ ተነሥተው ወደ ላሟ ይሄዳሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። ያችን ቃል ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው የተናገርኳት፤ ዛሬም ቢሆን እናገራታለሁ። እሳቸው ግን ለዘለዓለም ነው የሰሟት። ብነግራቸው፣ ብለምናቸው፣ አዎን ልጄ እያሉ እጃቸውን መልሰው ይሸሽጋሉ።

አንድ ማታ ስመለስ እንደ ወትሮው ማንቆርቆሪያውን ይዘው የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል፤ ልጁ ግን ጎረቤታችን ክንድ ላይ ነው። እያስታጠቡኝ ነገ ወደ አገራቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ላሟ ትቅርልሽ፣ ሲጠራ ወተቷ ይደርስላችኋል አሉ። በርሜሉ ሲፈስ የማደርገውን አውቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ታጥቤ ስጨርስ ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«አሁን ደግሞ እርስዎ እጅዎን ያምጡ» አልኳቸው።

አፈሰስኩላቸው። ውሃው የደብረ ታቦር ውሃ ነው፣ አጥንት ይሰብራል። ልጁን ከጎረቤታችን ተቀብዬ፣ እጃቸው ሳይደርቅ ክንዳቸው ላይ አስቀመጥኩት። ብርዱ ሲነካው ደነገጠ፤ ቀጥሎ አፍንጫቸውን ይዞ ሳቀ። አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ጎረቤታችንም ሳትቀር አለቀሰች። መሄዱ ቀረ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ግን እጃቸውን ሳይታጠቡ ልጁን ነክተውት አያውቁም። ከጸሎት መልስም ይሁን ከእንቅልፍ፣ ምንም ሳይነኩም ውለው፣ ልጁ ከመጣ መጀመሪያ ወደ ውሃው ነው። ባሌ በደህና ሲመለስ ነገሩ ገርሞት ጠየቃቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው አሉት። እኔም መጋዘኑን ለሌላ ሰው ካስረከብኩ በኋላ፣ አሁንማ መርዝ በቤታችን ደጅ አያልፍም እያልኩ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ይስቁና ይታጠባሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበሩ።

ልጄ ዛሬ እሱም አባት ሆኗል። እሳቸው ሲሞቱ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበር የአያቱን መልክ በቅጡ አያስታውሰውም። አንድ ቀን ልጁን አቅፎ ተቀምጦ ሳለ ድንገት ጠየቀኝ።

«አያቴ እጃቸው ለምንድን ነበር ሁልጊዜ የሚቀዘቅዘው?»

እርጅና ነው፣ የአገሩ ብርድ ነው ልለው አስቤ ነበር።

«ሁልጊዜ ከውሃው ቀጥታ ወዳንተ ስለሚመጡ ነው» አልኩት።